አዲስ ሻጭ በኢንተርኔት ሐራጅ ላይ ገዢ ስለሚያገኝበት መንገድ

ገበያ ማለት ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት የሚተያዩበት፣ ዕቃውም በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚመረመርበት ስፍራ ነው። በመርካቶ እህል የሚገዛ ሰው እፍኝ ዘግኖ ነቀዝ ወይም እንክርዳድ እንዳለበት ያያል፤ ጨርቅ የሚገዛም በጣቱ አሽቶ፣ ወደ ብርሃን አውጥቶ ይመረምራል። ከዚህም በላይ ዕቃው እንከን ቢገኝበት ሻጩን በዚያው ሱቁ እንደሚያገኘው፣ ጎረቤቶቹም ማንነቱን እንደሚያውቁ ተማምኖ ገንዘቡን ይከፍላል።

በኢንተርኔት በሚደረግ ሐራጅ ግን ገዢው ዕቃውን አይዳስስም፣ ሻጩን አያይም፣ ሱቁንም አያውቅም። በእጁ ያሉት ማስረጃዎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ እነዚህም የዕቃው ፎቶግራፍ፣ የዕቃው መግለጫና የሻጩ ስም ናቸው። አዲስ ሻጭ ደግሞ ሦስተኛው ማስረጃ ጨርሶ የለውም። ዕቃው የቱንም ያህል ቢያምር፣ ስሙ ያልታወቀ ሰው ያቀረበው በመሆኑ ብቻ በጥርጣሬ ይታያል። የዚህ ትምህርት ዓላማ ይህ ጥርጣሬ በገንዘብ ሲተመን ምን ያህል እንደሆነና አዲስ ሻጭ በምን ዘዴ ሊያቃልለው እንደሚችል መግለጽ ነው። በትምህርቱ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

1ኛ. የሐራጁ አሠራር

ከኢንተርኔት ሐራጆች ሁሉ ዝነኛ የሆነው ኢቤይ በ1995 ዓ.ም. በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ፒዬር ኦሚዲያር በተባለ የኮምፒዩተር ሙያተኛ ተቋቋመ። የመጀመሪያ ስሙ ኦክሽንዌብ ሲሆን ኢቤይ የተባለው በ1997 ዓ.ም. ነው። በዚያ ገበያ በመጀመሪያ የተሸጠው ዕቃ የተሰበረ የሌዘር መብራት ሲሆን ዋጋው 14 ዶላር ከ83 ሳንቲም ነበር። መሥራቹ ራሱ እንደተረከው፣ ዕቃው የተሰበረ መሆኑን ያውቅ እንደሆነ ገዢውን ቢጠይቀው፣ ገዢው የተሰበሩ የሌዘር መብራቶችን እንደሚሰበስብ መለሰለት። ከዚህ ትንሽ ታሪክ ነጋዴ የሚማረው ቁም ነገር አለ፤ ጉድለቱ ሳይደበቅ በእውነት የተነገረ ዕቃ ለጉድለቱም ጭምር ገዢ ሊያገኝ ይችላል።

የሐራጁ ሥርዓት እንደሚከተለው ነው። ሻጩ መነሻ ዋጋና የመዝጊያ ጊዜ ወስኖ ዕቃውን ያቀርባል። እያንዳንዱ ተጫራች ሊከፍል የሚፈቅደውን ከፍተኛ ዋጋ በምሥጢር ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ በእርሱ ፈንታ፣ ሌሎቹን ለመብለጥ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ እያሳደገ ይጫረታል። ለምሳሌ ሦስት ተጫራቾች 60፣ 80 እና 100 ዶላር ቢመዘግቡ፣ ዕቃው ለሦስተኛው ይደርሳል፤ የሚከፍለው ግን 100 ዶላር ሳይሆን ከ80 ዶላር ጥቂት ከፍ ያለ ዋጋ ነው። የምጣኔ ሀብት ሊቅ የነበረው ዊሊያም ቪክሪ አሸናፊው የሁለተኛውን ተጫራች ዋጋ ስለሚከፍልበት ሐራጅ በ1961 ዓ.ም. ጽፎ ነበር፤ በ1996 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱም ይኸው ነው።

እንግዲህ ሻጩ ልብ ሊለው የሚገባ ነገር እዚህ ላይ ነው። በሐራጅ ዋጋውን የሚወስነው ዕቃውን እጅግ የወደደው ሰው ሳይሆን ከእርሱ ቀጥሎ ያለው ነው። አንድ ሰው ብቻ ቢመጣ ዕቃው በመነሻ ዋጋ ይሄዳል። ስለዚህ አዲስ ሻጭ የሚያስፈልገው አንድ ገዢ ሳይሆን፣ አምነውት የሚፎካከሩ ቢያንስ ሁለት ገዢዎች ናቸው። ከዚህ በታች የሚነገረው ምክር ሁሉ ወደዚህ ግብ የሚያደርስ ነው።

2ኛ. ያልታወቀ ሻጭ የሚከፍለው ዋጋ

ጆርጅ አከርሎፍ የተባለ አሜሪካዊ የምጣኔ ሀብት ሊቅ በ1970 ዓ.ም. ስለ አሮጌ አውቶሞቢሎች ገበያ በጻፈው ጽሑፍ፣ ገዢ ደኅናውን ዕቃ ከመጥፎው መለየት ሳይችል ሲቀር ለሁሉም የሚሰጠው ዋጋ ዝቅ ያለ እንደሚሆን አስረድቷል። ከዚህም የተነሣ መልካም ዕቃ ያለው ሻጭ በመጥፎው ዋጋ ላለመሸጥ ከገበያው ይወጣል፤ በገበያው የሚቀረው መጥፎው ይሆናል። ለዚህ ሥራው በ2001 ዓ.ም. ከሌሎች ሁለት ሊቃውንት ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል።

ኢቤይ ይህን ችግር ለማቃለል በ1996 ዓ.ም. የምስክርነት መዝገብ አቆመ። ዕቃው ከተረከበ በኋላ ገዢው ስለ ሻጩ ጥሩ፣ መካከለኛ ወይም መጥፎ ብሎ ይመሰክራል፤ የምስክርነቱም ድምር ከሻጩ ስም ጎን ለሁሉ ይታያል። በመጀመሪያ ሻጩም በገዢው ላይ መጥፎ ምስክርነት መስጠት ይችል ነበር፤ ነገር ግን ገዢዎች የሻጩን ብቀላ እየፈሩ እውነቱን ከመናገር በመቆጠባቸው ይህ መብት ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ቀርቷል።

ይህ ምስክርነት በገንዘብ ምን ያህል እንደሚያወጣ የአሜሪካ ሊቃውንት ፖል ሬስኒክና ባልደረቦቹ በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት መርምረዋል። ብዙ መልካም ምስክርነት ያለው አንድ የቆዩ ፖስት ካርዶች ነጋዴ፣ ተመሳሳይ የሆኑ ካርዶችን ጥንድ ጥንድ አድርጎ ከፊሉን በታወቀው ስሙ፣ ከፊሉን ደግሞ አዲስ በተከፈቱ ስሞች ሸጠ። ዕቃው አንድ ዓይነት፣ ሻጩም አንድ ሰው ሆኖ ሳለ፣ ገዢዎች ለታወቀው ስም 8.1 በመቶ ያህል አብልጠው ለመክፈል ፈቃደኞች ሆነው ተገኙ። ይህም ማለት ለታወቀው ሻጭ 100 ዶላር የሚከፈልበትን ዕቃ አዲሱ ሻጭ በ92 ዶላር ተኩል ገደማ ይሸጠዋል ማለት ነው። ይህ ልዩነት የስም ዋጋ ነው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ገበያ በቁጥር ተመዝኖ ታይቷል።

አስተዋይ ነጋዴ እንግዲህ በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚጎድልበትን ይህን ገንዘብ እንደ ኪሳራ ሳይሆን እንደ ሱቅ መክፈቻ ወጪ ሊቆጥረው ይገባል። ከዚህ ሌላ ገበያው ራሱ ከሽያጩ ዋጋ ድርሻውን ይወስዳል፤ አዲስ ሻጭ በወር የሚያቀርበውን ዕቃ ብዛት ይወስንበታል፤ የሽያጩንም ገንዘብ ለጥቂት ጊዜ ይዞ ሊያቆይበት ይችላል። ስለዚህ ያለ የሌለውን ገንዘብ በአንድ ጊዜ በዕቃ ላይ አውሎ መግባት ታላቅ አደጋ አለው።

3ኛ. ስምን ከትንሽ መጀመር

ሉዊስ ካብራልና አሊ ሆርታችሱ በ2010 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት እንደታየው፣ ብዙዎቹ የኢቤይ ሻጮች ወደ ሽያጭ ከመግባታቸው በፊት ገዢ ሆነው በመጀመር መልካም ምስክርነት ሰብስበዋል። ይህ ዘዴ ሁለት ጥቅም አለው። አንደኛ፣ ሻጩ ለንግዱ የሚያስፈልጉትን እንደ ማሸጊያ ወረቀት፣ ሳጥንና ሚዛን ያሉትን ዕቃዎች ከዚያው ገበያ ቢገዛና ሒሳቡን በጊዜው ቢከፍል ስሙ ባዶ ሆኖ አይቀርም። ሁለተኛ፣ ገዢ ሆኖ መጠበቅና መጠራጠር ምን እንደሆነ በራሱ ላይ ስላየው፣ ሲሸጥ ገዢው የሚፈራውን ነገር አስቀድሞ ያውቃል።

ሽያጩንም ሲጀምር ውድ የሆነውን ዕቃ በመጀመሪያው ቀን ማውጣት አይገባውም። ገዢ በማያውቀው ሰው ላይ 10 ዶላር ለመሞከር ይደፍራል፤ 1,000 ዶላር ግን አያምነውም። ቢያምነውም እንኳ የሚቀርበው ተፎካካሪ ጥቂት ስለሚሆን ውዱ ዕቃ በርካሽ ይሄዳል። ከዚህም በላይ 8.1 በመቶ የ10 ዶላር ዕቃ ላይ ሲታሰብ ሳንቲም ነው፤ የ1,000 ዶላር ዕቃ ላይ ሲታሰብ ግን ትርፍን ሊያጠፋ የሚችል ገንዘብ ነው። ስለዚህ ስም በርካሹ ዕቃ ይሠራል፤ ውዱ ዕቃ ስም ከተሠራ በኋላ ይወጣል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንዲሉ፣ ትዕግሥት በዚህ ንግድ ራሱን የቻለ ካፒታል ነው።

4ኛ. ስለ ዕቃው መግለጫ

ስም የሌለው ሻጭ ገዢው እንዲያምነው የሚያደርገው በቃሉ እውነተኛነትና ዝርዝርነት ነው። ይህን ለማስረዳት ኢትዮጵያውያን ሁሉ የሚያውቁትን ማርትሬዛ ብር እንደ ምሳሌ መውሰድ ይቻላል። ማሪያ ቴሬዛ የሞተችው በ1780 ዓ.ም. ሲሆን፣ ከዚያ ወዲህ የተመታው ብር ሁሉ ይህንኑ ዓመት ይዞ ይወጣል። ብሩ በቪየና ብቻ ሳይሆን በሮማ፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በብራስልስ፣ በቦምቤይና በበርሚንግሃም ጭምር ተመትቷል። በዚህ ምክንያት በላዩ ያለው ቁጥር ስለ ብሩ ዕድሜ ምንም አይመሰክርም።

በአሜሪካ የሚኖር አንድ ነጋዴ ይህን ብር በሐራጅ ሲያቀርብ፣ በጣም ጥንታዊ የ1780 ብር ብሎ ቢጽፍ አንዱን ዓይነት ገዢ ያታልላል፤ ሌላውን ያባርራል። ነገሩን የማያውቀው ገዢ ቆይቶ እውነቱን ሲረዳ ገንዘቡ እንዲመለስለት ይጠይቃል፣ መጥፎ ምስክርነትም ይጽፋል። ነገሩን የሚያውቀውና ጥሩ ዋጋ የሚከፍለው ሰብሳቢ ደግሞ፣ ሻጩ ወይ አያውቅም ወይ ይዋሻል ብሎ ገጹን አልፎ ይሄዳል። ብርቱ ተፎካካሪዎች የሚቀሩት በዚህ መንገድ ነው።

ጠንቃቃው ሻጭ ግን ብሩን መዝኖ ክብደቱን ይጽፋል፤ ትክክለኛው ክብደት 28 ግራም ከጥቂት ሲሆን ከሺሕ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ሰብሳቢዎች ብሩ የተመታበትን ስፍራና ዘመን የሚለዩት በንሥሩ ጅራት ላባዎችና በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ባሉት ዕንቁዎች ስለሆነ፣ እነዚህን ክፍሎች በቅርብ ፎቶግራፍ አንሥቶ ያሳያል፤ የጠርዙንም ጽሕፈት እንዲሁ። ጭረት ወይም ለአንገት ጌጥ የተበሳ ቀዳዳ ቢኖር ከሁሉ በፊት እርሱን ይናገራል። የተመታበትን ዘመን በርግጥ ካላወቀ፣ በኋላ ዘመን የተመታ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ይጽፋል። እንዲህ ያለውን መግለጫ ያነበበ ሰው፣ ይህ ሻጭ ጉድለቱን ካልደበቀ ሌላውንም አይደብቅም ብሎ ያምነዋል።

የርዕሱም ነገር ቀላል አይደለም። በኢቤይ ለርዕስ የሚፈቀደው 80 ፊደል ብቻ ስለሆነ፣ ድንቅና ልዩ እያሉ ቦታ ማባከን አይገባም። ገዢው ሲፈልግ የሚጽፋቸው ቃላት፣ ማለት የዕቃው ስም፣ ሠሪው፣ መጠኑና ሁኔታው በትክክለኛ ፊደል ሊገቡ ያስፈልጋል። በአንድ ፊደል ስሕተት ዕቃው ከፈላጊው ዓይን ሊሰወር ይችላል።

እዚህ ላይ ለኢትዮጵያ ነጋዴ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። ቅርስ የሆነን ዕቃ ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት በቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 (ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተከለከለ ነው። ጥንታዊ የሚመስል መጽሐፍ፣ መስቀል ወይም ሥዕል ለውጭ ገዢ ከማቅረብ በፊት ፈቃድ ሰጪውን ባለሥልጣን መጠየቅ ግዴታ ነው።

5ኛ. ስለ መነሻ ዋጋና ስለ ሐራጁ ጊዜ

አዲስ ሻጭ ሁሉ የሚጨነቅበት ጥያቄ መነሻ ዋጋው ዝቅ ይበል ወይስ ከፍ የሚለው ነው። ጊሊያን ኩ፣ አዳም ጋሊንስኪና ኪት ሙርኒገን በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት፣ በዝቅተኛ ዋጋ የተጀመረ ሐራጅ ብዙ ጊዜ በከፍተኛ ዋጋ እንደሚያልቅ አሳይተዋል። ምክንያቱም ዝቅተኛው ዋጋ ብዙ ሰው ይጋብዛል፤ አንድ ጊዜ የተጫረተ ሰው ጊዜውንና ሐሳቡን ስላዋለበት በቀላሉ አይለቅም፤ ኋላ የሚመጣውም ተጫራች መብዛቱን አይቶ ዕቃው ዋጋ ያለው መሆኑን ይገምታል።

ነገር ግን ይህ ምክር ገደብ አለው፤ ገደቡም በተለይ አዲሱን ሻጭ የሚነካ ነው። በዚያው ጥናት እንደተገለጸው፣ የዕቃው ስም በተሳሳተ ፊደል ተጽፎ ፈላጊዎች ሊያገኙት ባልቻሉ ጊዜ ዝቅተኛው መነሻ ዋጋ ዝቅተኛ ሽያጭ አስከተለ። ዝቅተኛ ዋጋ የሚጠቅመው ሰው ሲሰበሰብ ነው፤ ሰው በሌለበት ገበያ ዝቅተኛ ዋጋ ስጦታ ነው። ስለዚህ ብዙ ፈላጊ ያለውንና ርካሹን ዕቃ በዝቅተኛ ዋጋ መጀመር መልካም ነው፤ ፈላጊው ጥቂት የሆነውን ዕቃ ግን ሻጩ ቢሸጥበት የማይጎዳበትን ዋጋ መነሻ ማድረግ ይሻለዋል። ዋጋው በገበያ የታወቀውንና በብዛት ያለውንማ በቁርጥ ዋጋ መሸጥ ይቀላል፤ በዛሬው ጊዜ በኢቤይም ቢሆን የሚበዛው ዕቃ የሚሸጠው በቁርጥ ዋጋ ነው። ሐራጅ የሚስማማው ብቸኛ ለሆነ፣ ላገለገለና ዋጋው ላልተለየ ዕቃ ነው።

አንዳንድ ሻጭ ደግሞ መነሻውን ዝቅ አድርጎ፣ ከዚህ በታች አልሸጥም የሚለውን ዋጋ በምሥጢር ይይዛል። ራማ ካትካርና ዴቪድ ራይሊ በ2006 ዓ.ም. ባሳተሙት ጥናት ተመሳሳይ ካርዶችን በሁለቱም መንገድ አቅርበው ሲያነጻጽሩ፣ የምሥጢሩ ዋጋ ብርቱ ተጫራቾችን የሚያሸሽ፣ የመሸጥንም ዕድል የሚያሳንስ ሆኖ አግኝተውታል። የማይታወቅ ሰው የማይታወቅ ዋጋ ሲጨምርበት ጥርጣሬው እጥፍ መሆኑ አያስገርምም።

የሐራጁን ርዝመት በሚመለከት፣ ዴቪድ ሉኪንግ ራይሊና ባልደረቦቹ በ2007 ዓ.ም. የአሜሪካ ሳንቲሞችን ሽያጭ አጥንተው፣ ከ3 ቀን ሐራጅ ይልቅ የ7 ቀኑ 24 በመቶ፣ የ10 ቀኑ 42 በመቶ ያህል የበለጠ ዋጋ እንዳስገኘ ጽፈዋል። ገዢ የሚጠባበቅ አዲስ ሻጭ እንግዲህ ረጅሙን ጊዜ ቢመርጥ ይጠቀማል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጫራች ሳይታይ ቢቀርም መደንገጥ አይገባውም፤ በኢቤይ ሐራጁ በተወሰነው ሰዓት ስለሚዘጋ ብዙዎች ዋጋቸውን የሚሰጡት በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ነው። በዚህ ጊዜ ትዕግሥት አጥቶ ወዳጅ ዘመድን በሐሰት እንዲጫረት ማድረግ ግን በገበያው ደንብ የተከለከለ ማታለል ነው፤ ሲገለጥም ገና ያልተሠራውን ስም ከሥሩ ይነቅለዋል።

6ኛ. ከሽያጭ በኋላ

ሐራጁ ሲዘጋ ሥራው አላለቀም፤ የሚቀጥለው ሽያጭ የሚጀመረው እዚያ ነው። ዕቃውን በማግስቱ መላክ፣ እንዳይሰበር አድርጎ ማሸግ፣ የመላኪያውን ኪራይ አስቀድሞ በትክክል መናገር፣ ለጥያቄ ፈጥኖ መመለስ፣ እነዚህ ሁሉ ገንዘብ ብዙ የማያስወጡ ሲሆኑ ምስክርነትን ያመጣሉ። ቅሬታ ሲነሣም ከመከራከር በፊት ሒሳቡን መመርመር ይጠቅማል። ከላይ የተጠቀሱት ካብራልና ሆርታችሱ እንዳገኙት፣ ሽያጩ በሳምንት 5 በመቶ ያህል ሲያድግ የነበረ ሻጭ የመጀመሪያውን መጥፎ ምስክርነት ሲቀበል ዕድገቱ ተገልብጦ በሳምንት 8 በመቶ ያህል ወደ መቀነስ ይዞራል። የ15 ዶላር ዕቃ ገንዘብ መልሶ ገዢን ማስደሰት ከዚህ ጋር ሲመዘን ርካሽ ነው።

7ኛ. የሌላውን ምስክርነት መዋስ

የራሱ ስም የሌለው ሻጭ፣ ገዢ የሚያምነውን የሌላ ወገን ምስክርነት ይዞ ሊቀርብ ይችላል። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የኢትዮጵያ ቡና ነው። ካፕ ኦፍ ኤክሰለንስ የሚባለው የቡና ውድድር በ1999 ዓ.ም. በብራዚል ተጀምሮ በ2020 ዓ.ም. ወደ ኢትዮጵያ መጣ። በዚህ ውድድር ቀማሾች የቡናው ባለቤት ማን እንደሆነ ሳያውቁ ይመዝናሉ፤ ከፍተኛ ነጥብ ያገኘው ቡና ለዓለም ገዢዎች በኢንተርኔት ሐራጅ ይቀርባል፤ ገዢዎችም ናሙናውን አስቀድመው መቅመስ ይችላሉ። በዚያ ዓመት 28 አሸናፊ ቡናዎች ለሐራጅ ቀርበው በድምሩ ከ1.3 ሚሊዮን ዶላር በላይ አወጡ፤ አንደኛ የወጣው የሲዳማ ቡና በፓውንድ 185 ዶላር ከ10 ሳንቲም ተሸጠ።

ሩቅ አገር ያለ ቆይ ገበሬውን በመልክም ሆነ በስም አያውቀውም ነበር። ዋጋውን ያወጣው የዋጋ ቅናሽ ወይም የተዋበ ማስታወቂያ ሳይሆን፣ የማያዳላ ዳኛ የሰጠው ነጥብና በአፍ የተቀመሰ ናሙና ነው። ብዙ ገዢዎች በአንድ ጊዜ ስላመኑ ፉክክሩ በረታ። ይህ ትምህርት ለትንሹ ሻጭም ይሠራል። ሳንቲም የሚሸጥ በታወቀ መርማሪ ድርጅት አስመርምሮ፣ ሰዓት የሚሸጥ የሰዓት ሠሪውን የምርመራ ወረቀት አያይዞ፣ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሸጥም ሲሠራ በፊልም አንሥቶ ቢያቀርብ፣ ስሙ ባይታወቅም ዕቃው ይታመናል። የምርመራው ኪራይ ዕቃው ከሚጨምረው ዋጋ እንዳይበልጥ ግን አስቀድሞ ማስላት ይገባል።

ሲጠቃለል፣ አዲስ ሻጭ በኢንተርኔት ሐራጅ ላይ የሚታገለው ከሌሎች ሻጮች ጋር ብቻ ሳይሆን ከገዢው ጥርጣሬ ጋር ነው። በትንሽ ዕቃ ይጀምር፤ ጉድለትን አይሸሽግ፤ መነሻ ዋጋውን እንደ ፈላጊው ብዛት ይወስን፤ የተሸጠውን ፈጥኖ ይላክ፤ ለውዱ ዕቃ የታመነ ምስክር ይያዝ። ይህን ያደረገ ሰው በመጀመሪያ ሁለት ተጫራቾች ያገኛል፤ ሁለቱም ዋጋውን ያቆሙለታል፤ አሸናፊው የሚጽፈውም ምስክርነት ለሚቀጥለው ሐራጅ ሦስተኛውን ይጠራለታል።